ክሮስ ኮምፓይሌሽን

ክሮስ ኮምፓይሌሽን አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ላለው መሣሪያ ሶፍትዌር የማዘጋጀት ሥራ ነው። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ኤክስ86 በሚባለው የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ሲሠሩ፣ ስልክና ታብሌት ባመዛኙ በአርም ይሠራሉ፤ የአንዱን የማሽን ትእዛዝ ሌላው አያነብም። ስልክ ትልልቅ ፕሮግራም ኮምፓይል ለማድረግ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ትእዛዝ ለመለወጥ፣ አመቺ ስላልሆነ፣ የአማርኛ ኪቦርድ የሚሠራ ባለሙያ ሥራውን በላፕቶፑ ጨርሶ ወደ ስልኩ ይጭናል።

በኢትዮጵያ ሁለቱም ዓይነት ፕሮሰሰሮች ለትምህርት ውለዋል። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2008 ለተማሪዎች ያደለው ኤክስኦ ላፕቶፕ ኤክስ86 የሆነው የኤኤምዲ ጂኦድ ፕሮሰሰር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለወንጪና ለወለንጪቲ ልጆች የተሰጠው የሞቶሮላ ዙም ታብሌት ግን አርም ነበር። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም በሁለቱም ላይ እንዲሠራ ለየብቻ ኮምፓይል መደረግ አለበት።

የክሮስ ኮምፓይሌሽን የመጀመሪያው ችግር ጥገኝነት ነው። ፊደል በስክሪን ላይ የሚያሳይ ፕሮግራም እንደ ፍሪታይፕና ሃርፍበዝ ያሉ ላይብረሪዎች ያስፈልጉታል፤ እነሱም አስቀድመው ለአርም መሠራት አለባቸው። ፕሮግራሙን ከላይብረሪዎቹ ጋር የሚያገናኘው ሊንከር የላፕቶፑን ላይብረሪ ተሳስቶ ቢያነሣ ሥራው ይቆማል። ብዙ የቆዩ ፓኬጆች ደግሞ የማሽኑን ጠባይ ለማወቅ ትንንሽ የሙከራ ፕሮግራሞችን ያስነሣሉ። ለአርም የተዘጋጀው ሙከራ በላፕቶፑ ላይ ስለማይነሣ መልሱ አስቀድሞ በእጅ ይሞላል። የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር የሚያውቀው አይሲዩ የተባለው ላይብረሪ ሁለት ጊዜ ይሠራል፦ መረጃውን የሚያዘጋጁት የራሱ መሣሪያዎች በላፕቶፑ ላይ መሮጥ ስላለባቸው መጀመሪያ ለላፕቶፑ፣ ቀጥሎ ለስልኩ።

ከዚህ የሚከፋው ኮምፓይለሩ ሳያጉረመርም የሚያሳልፈው ስሕተት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የደራ ወረዳ ከተማ ስም፣ ሐሙሲት፣ 4 ፊደል ቢሆንም በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 12 ባይት ይወስዳል። የመጀመሪያው ፊደል «ሐ» 225፣ 136 እና 144 በሚሉ ሦስት ባይቶች ይቀመጣል። በሊኑክስ ላይ የሲ ቋንቋ ተራ የፊደል ዓይነት በኤክስ86 አሉታዊ ቁጥር ስለሚቀበል እነዚሁ ባይቶች -31፣ -120 እና -112 ሆነው ይነበባሉ፤ በአርም ግን እንዳሉ ይቀራሉ። «ባይቱ ከዜሮ ካነሰ የላቲን ፊደል አይደለም» ብሎ የሚፈትሽ ፕሮግራም በላፕቶፑ ላይ በትክክል ሠርቶ፣ በአርም ላይ «ሐ»ን እንደ ላቲን ይቆጥረዋል። መፍትሔው ዓይነቱ አሉታዊ እንዳይሆን በኮዱ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ነው።

የባይት ቅደም ተከተልም እንዲሁ ያሳስታል። ኤክስ86ና አብዛኛው አርም ትንሹን ባይት ሲያስቀድሙ፣ ሚፕስ በሚባል ፕሮሰሰር የሚሠሩ አንዳንድ ራውተሮች ትልቁን ያስቀድማሉ። በዩቲኤፍ-16 የተጻፈ «ሐ» ባይቶቹ ተገልብጠው ቢነበቡ የበርማ ፊደል ይሆናል። በሊኑክስ «ሎንግ» የሚባለው ቁጥርም በ32 ቢት ሲስተም 4፣ በ64 ቢት 8 ባይት ስለሚይዝ፣ አንዱ በቀጥታ ያስቀመጠውን ፋይል ሌላው አዛብቶ ሊያነብ ይችላል።

ለሙከራ ኪውኢኤምዩ የተባለው ፕሮግራም የአርምን ትእዛዝ በላፕቶፕ ላይ አስመስሎ ያስኬዳል። ይህ አብዛኛውን ስሕተት ቢያጋልጥም ፍጥነትን፣ የባትሪ ፍጆታንና የስክሪንን ጠባይ በትክክል ስለማያሳይ፣ የመጨረሻው ፍተሻ በራሱ በመሣሪያው ላይ ይደረጋል።