የማይሽር የተባለው የጉበት ጠባሳ

ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ጉበትን የሚጎዱት ውስጥ ውስጡን ነው። የሰውነት መከላከያ ቫይረሱን ለማጥፋት ሲታገል የጉበት ሴሎች አብረው ይሞታሉ፤ ጉዳቱ ሲደጋገም ጠባሳ ይተካል። ጠባሳው ለዓመታት ተንሰራፍቶ የጉበቱን ቅርጽ ሲያበላሸው ሲሮሲስ ይባላል። ዛሬ እንዲህ በአጭሩ የሚነገረው ነገር እስኪታወቅ ድረስ ረጅም ዘመን ወስዷል።

ለሲሮሲስ ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላይኔክ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1819 ነበር። በዚያ ጊዜ ሐኪሞች የተጨማደደና ጉብታ የበዛበት ጉበት የሚያዩት አስከሬን ሲከፍቱ ብቻ ስለነበር ከዚያ በፊት ያለው ሂደት ተሰውሮባቸው ቆየ። ጠባሳው ፈጽሞ አይሽርም የሚለው እምነት ሥር የሰደደውም በዚህ ምክንያት ይመስላል፤ የበሽታውን መጨረሻ ብቻ የሚያይ ሐኪም ማገገምን ሊያይ አይችልም።

በሕይወት ካለ ሰው ጉበት ናሙና መውሰድ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ቢሞከርም ትልቁን እርምጃ ያስገኘው እ.ኤ.አ. በ1939 በኮፐንሃገን ኢቨርሰንና ሮሆልም የወፍ በሽታ ከያዛቸው ሕሙማን የወሰዱት ናሙና ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ጣሊያናዊው ጆርጆ ሜንጊኒ ሥራውን እጅግ አቀለለው። ታካሚው ተንፍሶ ትንፋሹን ይይዛል፤ ቀጭን መርፌ በቀኝ የጎድን አጥንቶች መካከል ይገባል፤ ጉበቱ ውስጥ የሚቆየው ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የሚወጣው እንደ ክር የቀጠነ ሥጋ ነው። ይህ ተከትፎና ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠባሳው ሰማያዊ ሆኖ ይለያል።

ተመራማሪው ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 ይፋ ያደረገው ግኝት ወደ ሄፓታይተስ ቢ ሲመራ፣ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ተለየ። ከዚያ በኋላ የጠባሳውን ጉዞ ከነመንስኤው መከተል ተቻለ። ጠባሳው ደም ወደ ጉበት በሚገባባቸው መስመሮች ዙሪያ ይጀምራል፤ ቀጫጭን ዘርፎች ያወጣል፤ ዘርፎቹ ይገናኛሉ፤ በመጨረሻም የተረፈውን ጤናማ ክፍል ከብበው ይቆራርጡታል። ፈረንሳውያን ይህን ከኤፍ 0 እስከ ኤፍ 4 በደረጃ ከፈሉት። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪው ፖይናርና ባልደረቦቹ 2,235 የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማንን ናሙና መርምረው፣ ያልታከመ ሰው ሲሮሲስ ላይ ለመድረስ በአማካይ 30 ዓመት እንደሚፈጅበት ገመቱ። ወንዶች፣ ከ40 ዓመት በኋላ የተያዙና አልኮል አብዝተው የሚጠጡ ግን ይፈጥናሉ፤ ከሦስት ሕሙማን አንዱ ያህል ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ እንደሚደርስ ተገምቷል።

ጠባሳውን የሚሠራው ማን ነው? ተመራማሪው ኩፕፈር እ.ኤ.አ. በ1876 በጉበት ውስጥ ኮከብ መሰል ሴሎችን አይቶ ነበር። ምንነታቸው ግን ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ሲያምታታ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1971 ጃፓናዊው ኬንጂሮ ዋኬ ቫይታሚን ኤ የሚያከማቹት እነሱ መሆናቸውን አሳየ። ጉበት ሲጎዳ እነዚህ ሴሎች ቫይታሚናቸውን ጥለው ኮላጅን ማምረት ይጀምራሉ። ጉዳቱ ሲቆም ግን ከፊሎቹ ይሞታሉ፣ ከፊሎቹ ይረጋሉ፤ ኢንዛይሞችም የተከማቸውን ኮላጅን ቀስ በቀስ ይሰባብሩታል።

ይህ የጠባሳ መሻር በሰው ላይ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ቴኖፎቪር የተባለውን ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ለአምስት ዓመት ከወሰዱ የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን መካከል ሲጀምሩ ሲሮሲስ የነበረባቸው 96 ነበሩ፤ ናሙናቸው እንደገና ሲታይ 74 በመቶው ከዚያ ደረጃ ወጥተዋል። የካንሰር ስጋት ግን ጨርሶ ስለማይጠፋ ክትትሉ ይቀጥላል።

መርፌውም ቦታውን እየለቀቀ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የጉበትን ጥንካሬ በንዝረት የሚለካ መሣሪያና ከኤኤስቲ ኢንዛይምና ከፕሌትሌት ቁጥር የሚሰላው አፕሪ የተባለ መለኪያ ተስፋፉ። አፕሪ ርካሽ በመሆኑ መሣሪያው ለሌለበት አገር ትልቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ለሲሮሲስ ያወጣው የ2.0 ወሰን ግን ለአፍሪካውያን ሕሙማን እጅግ ከፍ ያለ ነበር፤ በኢትዮጵያ የተደረገ ክትትልም ይህንኑ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ድርጅቱ ለአዋቂዎች ሕክምና ለመጀመር ወሰኑን ወደ 0.5 አውርዶታል።