የዓባይ ምንጭ አይጥ በሺካጎ ቤተ መዘክር

አንባብያን ሆይ፤ ስለ ተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር በተነገረ ጊዜ በአሳባችሁ የሚመጣው በመስተዋት ውስጥ ቆሞ የሚታየው አንበሳ ወይም ዝሆን ይሆናል። ነገር ግን ሊቃውንት የሚመራመሩበት ሀብት አብዛኛው፥ ለተመልካች በማይከፈቱት መሳቢያዎች ተደርድሮ የሚኖረው ቆዳና የራስ ቅል ነው። የዚህንም ጥቅም ከአገራችን የሄደ የአንድ ትንሽ እንስሳ ታሪክ ያስረዳናል።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1926 እና በ1927፥ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት፥ የሺካጎው ፊልድ ቤተ መዘክር ከሺካጎ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ ጋር ተባብሮ የምርምር ጓድ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። መሪው የአጥቢ እንስሳት ሊቅ ዊልፍሬድ ኦስጉድ ነበር፤ ዝነኛው የወፎች ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስም አብሮት ነበር። ጓዱ በ1927 በጎጃም፥ ከግልገል ዓባይ ምንጭ አጠገብ፥ ጠጕሯ ውኃ የማያስገባ፥ እግሯ ለመዋኘት የተስማማ አንዲት አይጥ ያዘ። ኦስጉድም በ1928 ኒሎፔጋሚስ ብሎ ሰየማት፤ ትርጓሜውም በግሪክ ቋንቋ የዓባይ ምንጭ አይጥ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ እርስዋን የመሰለች ሌላ አይጥ በተመራማሪ እጅ አልገባችም። የአካባቢው መሬት በእርሻና በግጦሽ ስለ ተለወጠ፥ ዘርዋ ጨርሶ ጠፍቶ እንዳይሆን ያሠጋል። ስለዚህ ዓለም ስለ እርስዋ የሚያውቀው ሁሉ ከዚያችው ከአንዲቱ የተገኘ ነው።

ኦስጉድ በነበረበት ዘመን ዲኤንኤን የሚያነብ ሳይንስ ገና አልተወለደም ነበር። ሆኖም ከ90 ዓመት በኋላ ሊቃውንት ከዚህችው አይጥ ቅሪት ጥቂት ወስደው አነበቡት። በ2020 ባወጡት ጽሑፍ፥ የቅርብ ዘመዶቿ ኮሎሚስ የተባሉት የአፍሪቃ አይጦች እንደ ሆኑ፥ እርስዋ ግን ራስዋን የቻለች ወገን እንደ ሆነች አስረዱ። በዚያው ጥናት ሁለት አዲስ የኮሎሚስ ዓይነቶችን ለዩ፤ አንደኛውም በኮንጎው መሪ በፓትሪስ ሉሙምባ ስም ተሰየመ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቆዳው ያለ ጽሑፍ ቢቀመጥ ኖሮ፥ የማን አገር እንስሳ እንደ ሆነች እንኳ ባልታወቀ ነበር። የተያዘችበት ስፍራና ቀን ስለ ተመዘገበ ግን ዛሬ ምስክር ሆናለች። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውም የእንስሳት ስብስብ እንዲሁ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ርስት ነውና፥ እንደ ርስት ሊጠበቅ ይገባዋል።