የጎርጎራው «ቤት በቤት ላይ»

በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በጥንታዊቷ ጎርጎራ፣ ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1614 ያሠሩት ባለአንድ ፎቅ ቤተ መንግሥት ዛሬ የለም። ጎብኚ በዚያ አካባቢ የሚያየው «ማርያም ግምብ» የተባለው ፍርስራሽ በኋላ ዘመን የተሠራ ሌላ ሕንፃ ነው። ይሁን እንጂ የጠፋው ቤት በኢትዮጵያ የግንባታ ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ ከቆሙት ከብዙዎቹ አያንስም።

ሥራውን የመራው ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በሙያው የሕንፃ ባለሙያ አልነበረም። ስለዚህ ሥራው የተጀመረው ከመሣሪያ ነበር፤ መዶሻው፣ መሮው፣ መላጊያው በቅድሚያ ተሠርቶ ሠራተኛው አጠቃቀሙን ተማረ። ሚስዮናውያኑ እንደጻፉት፣ የአገሩ ሰው ፎቁን ባየ ጊዜ ተደንቆ «ቤት በቤት ላይ» ሲል ሰየመው። ከዚህ ተነሥቶ ኢትዮጵያ ፎቅ አታውቅም ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። በአክሱም ሐውልቶች ላይ ተደራርበው የተቀረጹት መስኮቶች የሚመሰክሩት ጥበቡ ቀድሞ የታወቀ እንደነበረ ነው። የጎደለው ጥበቡን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሸጋግረው የሙያ ሰንሰለት ነበር።

የሕንፃው ድክመት ማያያዣው ነበር። ኖራ ስላልተገኘ ጥርቡ ድንጋይ የተያያዘው በጭቃ ነው። በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ ጣሪያው እስካለ ድረስ ይጸናል፤ ጣሪያው የፈረሰ እንደሆነ ግን የክረምት ውሃ ማያያዣውን እያጠበ ድንጋዩን ከድንጋይ ይለያያል። በሚስዮናውያኑ ጽሑፍ መሠረት ለኖራ የሚሆን ድንጋይ የታወቀው በ1621 ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ በደንቀዝ ለንጉሡ በኖራ የተያያዘ ቤተ መንግሥት ተሠራ፤ የሱስንዮስ ዜና መዋዕልም ከሠሪዎቹ መካከል ከሕንድ የመጣውን አብደልከሪምንና ግብፃዊውን ሰደቃ ነስራኒን ይጠቅሳል።

የሃይማኖቱ ጠብ ደም ካፋሰሰ በኋላ ሱስንዮስ በ1632 የቀድሞውን እምነት መለሱ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ሚስዮናውያኑን አባረሩ። ነገር ግን የሚስዮናውያኑን ትምህርት ያወገዘው ዘውድ ኖራውን አልጣለም። በ1636 ገደማ ፋሲለደስ መናገሻ ያደረጓት ጎንደር በኖራና በጥርብ ድንጋይ ታነጸች።

ስለሆነም ቤቱ ቢጠፋም ሙያው ተረፈ፤ የተረፈውም ከእጅ ወደ እጅ ስለተላለፈ ነው። በየከተማው አሮጌ ሕንፃ በሚነሣበት በዚህ ዘመን ይህ ታሪክ ለመሐንዲሱ ግልጽ ግዴታ ያመለክታል። ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት ልኩ ይወሰድ፣ ማያያዣው ይመርመር፣ የአሠራሩም ዘዴ ከአረጋውያን ግንበኞች ተጠይቆ ይጻፍ። ያልተመዘገበ ሕንፃ ሲፈርስ አብሮት የሚፈርሰው ዕውቀትም ነውና።