የቢት ካርታ

በየክፍለ ሀገሩ ባሉ አነስተኛ ሆቴሎች፣ ከእንግዳ ተቀባይዋ ጀርባ ግድግዳው ላይ የቁልፍ ሰሌዳ ይሰቀላል። መንገደኛ ገብቶ «አልጋ አለ?» ሲላት መዝገብ አታገላብጥም፤ ፎቅ ወጥታም በር አታንኳኳም። ዞር ብላ ሰሌዳውን ታያለች። ቁልፉ ተንጠልጥሎ ካለ ክፍሉ ባዶ ነው፤ ከሌለ ተይዟል።

የመረጃ ቋትም (ዳታቤዝ የምንለው) አዲስ መረጃ ሊያስቀምጥ ሲል የሚያየው እንዲህ ያለ ሰሌዳ አለው። የባለሙያዎቹ መጠሪያ ቢትማፕ ነው፤ እኔ የቢት ካርታ ብዬዋለሁ። ቢት ከ0 ወይም ከ1 ሌላ የማይዝ፣ ከሁሉ ያነሰ የመረጃ ቅንጣት ነው። ካርታው ላይ ቢቶቹ በተርታ ይደረደራሉ፤ የመጀመሪያው ስለ መጀመሪያው ቦታ፣ መቶኛው ስለ መቶኛው ይናገራል። አድራሻ መጻፍ አያስፈልግም፤ ተራው ራሱ አድራሻ ነው።

የማይክሮሶፍቱን ኤስኪውኤል ሰርቨር እንውሰድ። ፋይሉን 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ይከፋፍለዋል። 8 ተከታታይ ገጾች አንድ ላይ ኤክስቴንት ይባላሉ፤ 64 ኪሎባይት ማለት ነው። ገጾቹን ከ0 ጀምረን ስንቆጥር፣ ገጽ ቁጥር 2 ላይ ጋም የሚባለውን የምደባ ካርታ እናገኛለን። እዚያ ለእያንዳንዱ ኤክስቴንት አንድ ቢት አለ፤ 1 ከሆነ ነፃ፣ 0 ከሆነ የተያዘ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይደናገራል፤ 1ን ሲያይ «የተያዘ» ብሎ ያነበዋል። የሆቴሉን ሰሌዳ ያስታወሰ ግን አይሳሳትም፤ 1 ማለት ቁልፉ አለ ማለት ነው።

ስሌቱን ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። አንድ የካርታ ገጽ ስለ 64,000 ገደማ ኤክስቴንቶች ይናገራል። እያንዳንዱ 64 ኪሎባይት ስለሆነ፣ ያቺ የ8 ኪሎባይት ገጽ ወደ 4 ጊጋባይት የሚጠጋ ቦታ ትጠብቃለች። ፋይሉ ከዚያ ሲያልፍ ሌላ የካርታ ገጽ ይከተላል።

ሠንጠረዥ ሲሰረዝም ነገሩ የሚያልቀው እዚሁ ካርታ ላይ ነው። 0 የነበሩት ቢቶች ወደ 1 ይመለሳሉ፤ የተጻፈው ግን ሌላ መረጃ እስኪሰፍርበት ድረስ ዲስኩ ላይ ሊቆይ ይችላል። እንግዳው ቁልፉን መልሶ ሄዷል፤ ክፍሉ ገና አልጸዳም። የሰው ምስጢር ያለበትን ሠንጠረዥ ሰርዞ ብቻ ዲስኩን ለሌላ ማስረከብ ከባድ ጥፋት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሰሌዳው ራሱ የሚያጣብብበት ጊዜም አለ። ጊዜያዊ ሠንጠረዦች በሚፈጠሩበት ቴምፕዲቢ ውስጥ ብዙ ሥራዎች በአንድ ቅጽበት ቦታ ሲጠይቁ፣ ሁሉም ያችኑ ጥቂት የካርታ ገጾች ለመንካት ይሰለፋሉ። ዲስኩ ሳይጨናነቅ ሲስተሙ ይንቀራፈፋል። የተለመደው መፍትሔ ቴምፕዲቢን እኩል መጠን ባላቸው በርካታ ፋይሎች መክፈል ነው፤ እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ካርታ ስላለው ሰልፉ ይቀንሳል።

ወደ ስሙ ልመለስ። ቢትን አልተረጎምኩትም፤ ባይትና ጊጋባይት እንዳሉ ከለመድናቸው እሱን ብቻ መቀየር አንባቢን ማደናገር ነው። ለጠቅላላው ስም መጀመሪያ የመጣልኝ «የይዞታ ካርታ» ነበር፤ ለጆሮም ይጥማል። ነገር ግን እኛ ዘንድ የይዞታ ካርታ የባለይዞታው ስም ያለበት ሰነድ ነው። ጋም ቦታው የማን መሆኑን አያውቅም፤ የሚያውቀው መያዙን ብቻ ነው። የትኛው ኤክስቴንት የየትኛው ሠንጠረዥ እንደሆነ የሚያሳየው አይኤኤም የሚባል ሌላ የቢት ካርታ ነው፤ እዚያ 1 ሲሆን «የእኔ ነው» ማለት ነው። «የይዞታ ካርታ» የሚለው ስም የሚገባው ለእሱ ነው።

ዳታቤዝ በአማርኛ የምታስተምሩ መምህራን፣ እባካችሁ የምደባውንና የይዞታውን ካርታ በአንድ ስም አትጥሩብን።