ስለ ፒኖኪዮ ምስሎችና ስለ ሰብሳቢዎቻቸው

የሰው ልጅ የወደደውን ነገር በጆሮው ሰምቶ ብቻ አይተወውም፤ በዓይኑ ሊያየው፥ በእጁ ሊዳስሰው፥ በቤቱም ሊያኖረው ይፈልጋል። ተረት እየሰሙ ያደጉ ሰዎች በሸመገሉ ጊዜ የተረቱን ባለ ታሪክ ምስል እየገዙ በመደርደሪያ የሚደረድሩት ስለዚህ ነው። ከእነዚህም ምስሎች አንዱ በኢጣልያ ከተሞች በየሱቁ የሚታየው፥ በሌላውም ዓለም ሰብሳቢዎች እየፈለጉ የሚገዙት ፒኖኪዮ የሚባለው አፍንጫ ረጅሙ የእንጨት ልጅ ነው። ነገር ግን ምስሉን የሚያውቅ ሁሉ መጽሐፉን ያነበበ አይደለምና፥ ምስሉ ከየት እንደ መጣ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ደራሲው ካርሎ ሎሬንዚኒ በ1826 ዓ.ም. በፊሬንዜ ከተማ ተወለደ። አባቱ በጂኖሪ መኳንንት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረ። የጂኖሪ ቤተ ሰብ በ1735 ዓ.ም. በዶቺያ ያቋቋመው ስመ ጥሩ የሸክላ ፋብሪካ ነበረው፤ ከዚያም ለመደርደሪያ የሚሆኑ ያማሩ ምስሎች ይወጡ ነበር። እንግዲህ ኋላ የድርሰቱ ምስል ዓለምን የሚሞላለት ሰው፥ በልጅነቱ ያደገው ምስል በሚያሠሩ ጌቶች እንጀራ ነው። እናቱ ኮሎዲ ከሚባለው መንደር ስለ ነበረች፥ እርሱም የመንደሩን ስም የብዕር ስሙ አደረገው።

ታሪኩ መታተም የጀመረው በ1881 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፥ በሮማ ይወጣ በነበረ የሕፃናት ጋዜጣ ላይ ነው። ደራሲው በዚያው ዓመት ፒኖኪዮን በባሉጥ ዛፍ ላይ አሰቅሎ ነገሩን ዘግቶት ነበር፤ ነገር ግን በ1882 ዓ.ም. ታሪኩን እንደ ገና ቀጠለው። በ1883 ዓ.ም. በ36 ምዕራፍ ተፈጽሞ፥ እንሪኮ ማዛንቲ ሥዕሉን ሥሎለት በፊሬንዜ በመጽሐፍ ወጣ። ደራሲው በ1890 ዓ.ም. ሲሞት ያ ሁሉ የምስል ብዛት ገና አልመጣም ነበር።

ሥዕሉ ግን መልኩን እየለወጠ ሄደ። በ1911 ዓ.ም. አቲልዮ ሙሲኖ በቀለም ሣለው። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ የዋልት ዲስኒ ፊልም ወጣ፤ በዚያም ወራት በአሜሪካ አይዲል የተባለው የአሻንጉሊት ፋብሪካ ራሱን ከሰጋቱራና ከሙጫ ውሕድ፥ አካሉን ከእንጨት እየሠራ ሸጠው። ከግንድ የተጠረበው ልጅ ከጥራቢው ብናኝ እንደ ገና ተወለደ ማለት ነው። የኮሎዲ መንደርም በ1956 ዓ.ም. የፒኖኪዮን የአትክልት ስፍራ ከፍታ፥ ኤሚልዮ ግሬኮ በነሐስ የሠራውን ሐውልት አቆመችለት።

ሰብሳቢ የምስሉን ዘር የሚለይበት አንዱ ምልክት ባርኔጣው ነው። ላባ የተሰካበት ቢጫ ባርኔጣና ነጭ የእጅ ሹራብ ካለው ከፊልሙ የመጣ ነው፤ ባርኔጣው ሾጣጣ ከሆነ ግን ወደ መጽሐፉ ሥዕሎች ይጠጋል። በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው ድኻው ጄፔቶ ለልጁ ልብስ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ከአበባ ወረቀት ልብስ፥ ከዛፍ ልጥ ጫማ፥ ከዳቦ ልብ ባርኔጣ አበጀለት። ዛሬ በቀይ ቀለም አጊጦ የሚሸጠው ባርኔጣ እንግዲህ ምግብ ነበረ። ደግሞም ይህ አባት በክረምት ካፖርቱን ሸጦ የፊደል መጽሐፍ ገዛለት፤ ልጁ ግን መጽሐፉን ሸጦ ወደ ጨዋታ ቤት ገባ። ይህ ሁሉ በምስሉ ላይ አይታይም።

በምስሉ ላይ የሚታየው አፍንጫው ነው። በእኛ አገር «ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል፤ በኮሎዲ ዘንድ ግን ሐሰት እያደር ይረዝማል፤ ግንደ ቆርቁሮች መጥተው እስኪቈርጡትም ድረስ በበር አያሳልፍም። ነገር ግን አፍንጫው የረዘመው በሐሰት ብቻ አይደለም። ገና ሲቀረጽ፥ አንዲት ቃል ሳይናገር፥ ረዝሞ ነበር። በጄፔቶም ቤት ግድግዳ ላይ እሳትና የሚፈላ ድስት በቀለም ተሥሎ ነበርና፥ ፒኖኪዮ ተርቦ እውነተኛ ድስት መስሎት ሊከፍተው በሮጠ ጊዜ፥ ሥዕል ሆኖ ቢያገኘው ያን ጊዜም አፍንጫው ረዘመ። ስለዚህ ይህ አፍንጫ ሐሰተኛውን ብቻ ሳይሆን በምስል የተታለለውንም ያመለክታል።

ከሁሉ ይልቅ ሰብሳቢ ሊያስተውለው የሚገባው የመጽሐፉን ፍጻሜ ነው። ጄፔቶ መጀመሪያ አሻንጉሊቱን ለመቅረጽ ያሰበው ዓለምን እየዞረ በማሳየት እንጀራውን ሊያገኝበት ነበር። በመጨረሻ ግን ፒኖኪዮ ስለ ታመመው አባቱ ሌሊትና ቀን ከደከመ በኋላ እውነተኛ ልጅ ይሆናል። ያን ጊዜ የእንጨቱ አካል የት እንዳለ ቢጠይቅ፥ አባቱ ከወንበር የተደገፈ አሻንጉሊት ያሳየዋል፤ ራሱ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል፥ ክንዶቹም ተንጠልጥለዋል። ልጁም ያን ጊዜ የነበረበትን ሁኔታ እያየ ይደነቅበታል። እንግዲህ የፒኖኪዮን ምስል በቤቱ ቆሞ ያየው የመጀመሪያው ሰው ራሱ ፒኖኪዮ ነው።

አንጥረኛ ወርቅ ሊያፈስ ሲነሣ አስቀድሞ በሰም ቅርጽ ያወጣል፤ ወርቁ ሳይገባ ሰሙ ቀልጦ ይጠፋል። በዚህ ታሪክ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ወርቁ ልጅ ሆኖ ሄደ፥ ሰሙ ከወንበር ተደግፎ ቀረ። ሰብሳቢ በብዙ ገንዘብ የሚገዛውም ያን የቀረውን ነው።

ይህን ስንል መሰብሰብን መንቀፋችን አይደለም፤ ምስል ለታሪክ መታሰቢያ ይሆናልና። ነገር ግን መጽሐፉ ከጎኑ ከሌለ ምስሉ በግድግዳ እንደ ተሣለው ድስት ነው፤ ዓይንን ያጠግባል እንጂ ሆድን አይሞላም። ስለዚህ ምስሉን በመደርደሪያው ያኖረ ሰው፥ ልጆቹ አፍንጫውን ብቻ አይተው እንዳይስቁ፥ ካፖርቱን የሸጠውን አባት ታሪክ ጭምር ያንብብላቸው።