ተገለበጠ እንጂ አልተከፈተም፦ የኮምፒውተር ፊደላችን ታሪክ

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አትክልት ተራ በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር ነጋዴው ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱን፣ ሳጥኑን ሁሉ ጭኖ ሄደ። "አንድ ኪሎ" የሚባለውን ልክ ግን መጫን አላስፈለገውም። ጃንሜዳም ላይ ኪሎ ያው ኪሎ ነው። በኋላ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲሄድም አልተለወጠም። ኪሎ የማንም ነጋዴ የግል ንብረት ስላልሆነ ገበያው የትም ቢሄድ አብሮ ይሄዳል። እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱ ኪሎ ቢኖረው፣ የአንዱንም ኪሎ ሌላው ባያውቀው ኖሮ፣ ገበያው እንኳን ሰፈር ሊቀይር ባለበትም አይቆምም ነበር።

የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር ላይ ለሃያ ዓመት ያህል የኖረው እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ነው። ዕዳው ዛሬም አልተከፈለም።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ግዕዝን በግል ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ጀመሩ። የዳሸን ኢንጂነሪንጉ ፍስሐ አጥላው እና በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ ከቀዳሚዎቹ መካከል ናቸው። ኋላም አገር ቤት ውስጥ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ወጡ። ጋዜጣው፣ መጽሔቱ፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ፣ የተማሪው መመረቂያ ጽሑፍ በእነዚህ ፕሮግራሞች ተጻፈ። ውለታቸው ሊዘነጋ አይገባም። ግዙፎቹ የዓለም ኩባንያዎች ወደ ግዕዝ ዞር ብለው ባላዩበት ጊዜ ሥራውን የሠሩት እነሱ ናቸው።

ችግሩ ያለው ከሥር ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ነው፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናል። እነ "ሏ" እና "ቧ"፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ከ300 ያልፋል። ስለዚህ አንዱ ፕሮግራም ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ፊደልን ከቁርጥራጭ ገጣጠመ። ሁሉም በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የየራሱን ድልድል አደረገ። አንዱ ጋ "ሀ" የተቀመጠበት ቁጥር ሌላው ጋ "መ" ሊሆን ይችላል። አንድ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ በፍሎፒ ተወስዶ ሌላ ቢሮ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነበር።

ታዲያ ለምን ብዙ ሰው አልጮኸም? ሁሉም ሰው ሁሉም ፎንት ስለነበረው ነው። በመርካቶም ሆነ በፒያሳ፣ በጽሕፈት ቤቱም ሆነ በኮምፒውተር ጥገናው ቤት ፕሮግራሙ ከማሽን ወደ ማሽን ይገለበጥ ነበር። ፈቃድ ገዝቶ የሚጠቀም ጥቂት ነው። አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው "የአማርኛውን ጫንልኝ" ይላል፤ ይጫንለታል። አንዱ ፎንት አልከፍት ካለ ሌላው ይሞከራል።

ትልቁ ስህተት የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የተገለበጠ ነገር ነጻ መሰለን። የተገለበጠ ፕሮግራም ግን ነጻ የሚሆነው ለኪስ ብቻ ነው። ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት መነሻ ጽሑፍ፣ በእጅ ስለሌለ ማረም አይቻልም፤ ማሻሻልም አይቻልም። ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ልውሰደው ቢሉ መንገድ የለም። ነጋዴው ጃንሜዳ ሲደርስ ኪሎው አትክልት ተራ ቀርቶ ያገኘዋል እንደማለት ነው። በመገልበጡ ሁሉም ከሰረ፦ ኩባንያው ገንዘቡን አላገኘም፣ ተጠቃሚው ሥልጣኑን አላገኘም፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ወጣት ፕሮግራመርም የሚማርበትና የሚያስቀጥለው ሥራ አልወረሰም።

መክፈት ከመገልበጥ በምን እንደሚለይ በደንብ ያሳየው ከጨዋታው ዓለም የመጣ ታሪክ ነው። ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ "ዱም" የተሰኘውን ጨዋታ በ1993 አወጣ። ጨዋታው በዓለም ዙሪያ ተሸጠ፣ ተገለበጠም። በታኅሣሥ 1997 ግን ኩባንያው ራሱ የጨዋታውን ሞተር ሶርስ ኮድ ለሕዝብ ለቀቀ። የተለቀቀውም የሊኑክሱ ስሪት ነበር፤ ምክንያቱም በዶስ ስሪቱ ውስጥ የነበረው የድምፅ ክፍል የሌላ ድርጅት ንብረት ስለነበር ሊለቁት አልቻሉም። ሥዕሉ፣ ድምፁና የጨዋታው ደረጃዎች ግን አልተለቀቁም፤ ለገበያ ቀሩ። ሞተሩ የሁሉም ሆነ፣ ዕቃው የባለቤቱ ሆኖ ቆየ። ዱም ዛሬም ባልታሰበ ማሽን ሁሉ ላይ የሚሮጠው በዚያ ውሳኔ ነው።

በ2014 ደግሞ ሁለት አርጀንቲናውያን፣ ሁዋን ሊኒየትስኪና አሪየል ማንዙር፣ ለዓመታት ለራሳቸው ሥራ ሲጠቀሙበት የኖሩትን "ጎዶ" የተባለ የጨዋታ ሞተር ከፈቱት። ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ወጣት የዶላር ካርድ ሳይፈልግ በዚያ ሞተር ጨዋታ ሠርቶ መሸጥ ይችላል። ለዚህ ማንንም አያስፈቅድም፤ ሕግም አይጥስም።

ወደ ግዕዝ ስንመለስ፣ በዚያው በ1990ዎቹ ሌላ መንገድ የመረጡ ነበሩ። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ "ሴራ" የተባለውን ግዕዝን በላቲን ፊደል የመጻፊያ ሥርዓት አዘጋጅተው ማንም እንዲጠቀምበት ይፋ አደረጉ። ታካሃሺ ናኦቶ የተባለ ጃፓናዊ ያንን ይዞ ኢማክስ በተባለው ክፍት የጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ ግዕዝን አስገባ። ጃፓናዊው ከኢትዮጵያ ገበያ የሚጠብቀው ትርፍ አልነበረም፤ በሩ ክፍት ስለነበር ገባ። የሰናምርምር ፕሮጀክትም በቅኔው ደብር ስም "ዋሸራ" የተባሉ ፎንቶችን በነጻ ለቀቀ። እነዚህ ፎንቶች ዛሬም በዴቢያን ሊኑክስ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ።

የጋራው ኪሎ የመጣው በ1999 ነው። በዚያ ዓመት ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ግዕዝ በውስጡ ገባ። ከዚያ በኋላ "ሀ" የትም አገር፣ በየትኛውም ማሽን፣ አንድ ቁጥር ብቻ አለው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታን ይዞ ሲመጣ ኒያላ የተባለው ፎንት አብሮ መጣ።

ሚዛኑ ተገኘ፤ የጽሕፈት ሞተሩ ግን ገና የንግድ ዕቃ ነበር። ከእነዚህ ሞተሮች አንዱ ኪማን ነው። ማርክ ዱርዲን በ1993 ለላኦ ቋንቋ የሠራው ይህ ፕሮግራም እንደ ጨዋታ ሞተር በሁለት የተከፈለ ነው፦ ሞተሩ አንድ ነው፣ የየቋንቋው ኪቦርድ ደግሞ በላዩ ይጫናል። በዳንኤል ያዕቆብ የሚመራው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአማርኛ፣ የትግርኛና የግዕዝ ኪቦርዶችን የሠራው ለዚሁ ሞተር ነው። የሊኑክስ ሰዎች ሞተሩ ዝግ ስለነበር የእሱን ሥራ የሚሠራ ሌላ ከባዶ መጻፍ ነበረባቸው። በ2015 ኤስ.አይ.ኤል. የተባለው የቋንቋ ጥናት ድርጅት ኪማንን ከባለቤቱ ተረከበ፤ በ2017 ሶርስ ኮዱን ከፈተው። ብዙም ሳይቆይ ለሊኑክስ የራሱ ስሪት ወጣለት። የአማርኛውም ኪቦርድ ሌላ ድካም ሳያስፈልገው አብሮ ተሻገረ።

"ኩባንያው ታዲያ ምን ይብላ?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ክፍት ሥራም ቢሆን ያለ ገንዘብ አይቆምም፤ ኪማንን የተረከበው ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት ነው። ዱም የተከፈተው ግን አብዛኛውን ገቢውን ካስገባ በኋላ ነው፤ ሲከፈትም ዕቃው አልተነጠቀም። የእኛዎቹ የቀድሞ ፕሮግራሞች የገበያ ዘመናቸውን ጨርሰዋል። ተዘግተው ቢቆዩ ለባለቤቶቹ የሚያመጡት ገቢ እምብዛም ነው፤ በሌላው ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ግን ብዙ ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው ቢባል፣ በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈው የሃያ ዓመት ጽሑፍ ነው። ከዚያ ዘመን ሰነድ ላይ አንድ አንቀጽ ገልብጦ ቴሌግራም ላይ ለመለጠፍ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚወጣው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነው። በወረቀት ሲታተም አማርኛ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አማርኛ አይደለም። ስለዚህ ፍለጋ አያገኘውም፣ ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ፕሮግራም አያነበውም፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አይማርበትም። "በአማርኛ የተጻፈ በቂ ዲጂታል ጽሑፍ የለም" ሲባል ተጽፎ ያልተቆጠረውም እንዳለ መዘንጋት የለበትም።

መፍትሔው ይህን ያህል ውድ አይደለም። ኩባንያዎቹ ሶርስ ኮዳቸውን ባይሰጡ እንኳ የፊደል ድልድላቸውን፣ ማለትም የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ፣ ይፋ ቢያደርጉ መለወጫ ፕሮግራም መሥራት የጥቂት ሰዎች የጥቂት ወራት ሥራ ነው። መንግሥት በ2020 "ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" ብሎ ስትራቴጂ አውጥቷል። አዲስ ሥርዓት ለመግዛት ከሚመደበው በጀት ጥቂቱ ለዚህ ቢውል፣ ባለቤቶቹም ተገቢው ካሳና ምስጋና ቢሰጣቸው፣ ማንም አይጎዳም።

የማይጠብቀው ጊዜው ነው። ድልድሉን የሠሩት ሰዎች ዕድሜ እየገፋ ነው። ፍሎፒው ሻግቷል፤ አሮጌው ኮምፒውተር ለቁራሌው ተሸጧል። ሰንጠረዡ ዛሬ በስልክ ሊጠየቅ ይችላል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚጠየቅ ሰው ላይኖር ይችላል።