የወልዋዩ እጅ

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ አስጎተቱ። ጨጨሆ ላይ ለመድፉ መንገድ ሲጠረግ እንደ ነበር ሁላችንም እንተርካለን። እኔ ግን የማስበው የጦር መሣሪያ የሚወለውለውን ስም የለሽ አሽከር ነው።

የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይስባል። ከተኩስ በኋላ በርሜሉን በሙቅ ውሃ አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ቅባት ካልቀቡት ብረቱን ዝገት ይበላዋል፤ የክፉ ቀን ለትም ይከሽፋል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን የሠዉበት፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተበረከተላቸው ሽጉጥ አልከሸፈም። ታሪካችን ቃታውን የሳበውን እጅ መዝግቧል፤ ሽጉጡን ከዝገት የጠበቀውን እጅ ግን ማን ጻፈው?